የቪቪያን ቤተ ሰብ ወረቀቶችና የስዋንዚ የመዳብ ጭስ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር




የጉባኤው አዘጋጆች ስለ ሙያችን ታሪክ አንድ ንግግር እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ከብዙ ርእሶች መካከል የመረጥኩት የአንድ ቤተ ሰብን ወረቀቶች ነው። መሐንዲስ ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብ ወይም ስለ ሞተር ቢናገር የተለመደ ነው። ስለ አባትና ልጅ ደብዳቤዎች፣ ስለ ሒሳብ መዝገብና ስለ ውል ወረቀት ሲናገር ግን ከመስኩ የወጣ ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን በእነዚህ ወረቀቶች ውስጥ የሚገኘው ነገር ከሙያችን የራቀ አይደለም። አንድ የቴክኒክ ባለሙያ የሚሠራው ሥራ ጐረቤቱን እንደሚጎዳ መቼ ዐወቀ? ካወቀስ በኋላ ምን አደረገ? የት ላይስ አቆመ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ልናገኝ የምንችለው፣ ባለሙያው ወረቀቱን ካስቀመጠልን ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ አሳስባለሁ።

ስለ ቤተ ሰቡ

ቤተ ሰቡ የቪቪያን ቤተ ሰብ ይባላል። መነሻው በእንግሊዝ አገር ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ከምትገኘው ከኮርንዎል፣ ከትሩሮ ከተማ ነው። የቤቱ አባት ጆን ቪቪያን (1750–1826) በኮርንዎል የመዳብ ማዕድን ንግድ ውስጥ ስሙ የታወቀ ሰው ነበር። በ1800 ገደማ ፊቱን ከባሕሩ ማዶ ወደሚገኘው ወደ ደቡብ ዌልስ መለሰ። በ1810 ደግሞ «ቪቪያንና ልጆቹ» የተባለው ድርጅት በስዋንዚ ከተማ አጠገብ፣ በታዌ ወንዝ ዳር፣ ሃቮድ የተባለውን የመዳብ ማቅለጫ ሥራ አስጀመረ። የድርጅቱ ስም «ልጆቹ» ቢልም፣ ታላቅየው ልጅ ሪቻርድ ሃሲ ቪቪያን ዕድሜውን ያሳለፈው በውትድርና ሲሆን፣ በ1815 በዋተርሉ ጦርነት አንድ የፈረሰኛ ብርጌድ የመራ ሰው ነው። የማቅለጫው ሸክም የወደቀው በታናሽየው በጆን ሄንሪ ቪቪያን (1785–1855) ላይ ነበር።

እንግዲህ አባት በትሩሮ፣ አንዱ ልጅ በስዋንዚ፣ ሌላው ልጅ በጦር ሜዳ ሲኖሩ፣ ቤተ ሰቡን ያገናኘው ደብዳቤ ነበር። ስልክ በሌለበት ዘመን፣ በባሕር የተለያዩ ሸሪኮች የሚነጋገሩት በጽሑፍ ነው። በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው ቢወስኑት ኖሮ ያለ ምልክት የሚጠፋው ምክር፣ ተራርቀው በመኖራቸው በወረቀት ላይ ሰፈረ። እነዚህ ወረቀቶች ዛሬ «የቪቪያን ወረቀቶች» በሚል ስም በአበሪስትዊዝ ከተማ በሚገኘው በዌልስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተጠብቀው ይኖራሉ። የቤተ ሰቡ አባል የሆነው ክሎድ ቪቪያን በ1897 የወታደሩን የሕይወት ታሪክ ሲያሳትም ከደብዳቤዎቹ ተጠቅሟል። የድርጅቱን ታሪክ ደግሞ ቱሚ የተባለው የታሪክ ተመራማሪ በሰፊው አጥንቶ፣ በ1985 በመጽሐፍ መልክ እንዲወጣ አድርጓል።

ማዕድኑ ወደ ከሰሉ ስለ መጓዙ

በመጀመሪያ አንድ የመሐንዲስ ጥያቄ እናንሣ። ማዕድኑ የሚቆፈረው በኮርንዎል ሆኖ ሳለ፣ ማቅለጫው ለምን ባሕር ተሻግሮ በዌልስ ተሠራ? መልሱ በሚዛን ላይ ያለ ነው። በዚያን ጊዜ የኮርንዎል ማዕድን በአማካይ ከመቶ እጅ አሥር እንኳን የማይሞላ መዳብ ነበረው። ከዚህ ድንጋይ መዳቡን ለይቶ ለማውጣት ደጋግሞ መጥበስና ደጋግሞ ማቅለጥ ስለሚያስፈልግ፣ የሚነደው የድንጋይ ከሰል ከማዕድኑ ክብደት ይበልጥ ነበር። ኮርንዎል የከሰል ክምችት የላትም። በስዋንዚ ግን ከሰሉ የሚወጣው መርከብ ሊገባበት ከሚችል ወንዝ አጠገብ ነው። ስለዚህ ቀላሉ ወደ ከባዱ እንዲሄድ፣ ማዕድኑ ወደ ከሰሉ ተጓዘ።

ከዚህም በላይ መርከቧ ባዶዋን አትመለስም ነበር። የኮርንዎል ጉድጓዶች እየጠለቁ በሄዱ ቁጥር ውሃ ስለሚሞላባቸው፣ ውሃውን የሚስቡት የእንፋሎት ሞተሮች ከሰል ይፈልጋሉ። ስለዚህ ማዕድን ጭና የመጣችው መርከብ ከሰል ጭና ትመለሳለች። በሁለቱም ጉዞ ጭነት ያላት መርከብ ማለት ለነጋዴ ምን ማለት እንደ ሆነ፣ በጭነት መኪና ዕቃ አስጭኖ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል። የቪቪያን ቤተ ሰብ ሀብት የተመሠረተው በዚህ ቀላል ስሌት ላይ ነው።

የማዕድኑ ግዢም ራሱን የቻለ ሥርዓት ነበረው። በገበያው ቀን የእያንዳንዱ ክምር ናሙና አስቀድሞ በየማቅለጫው ሰዎች ይመረመራል። ገዢዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው እያንዳንዳቸው የሚሰጡትን ዋጋ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈው ያቀርባሉ፤ ከፍተኛውን ዋጋ የጻፈ ክምሩን ይወስዳል። እኛ ዛሬ በታሸገ ፖስታ የምናካሂደውን ጨረታ ይመስላል። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የናሙናው ምርመራ የትርፍና የኪሳራ መለያ መሆኑ ነው። የመዳቡን መጠን ከመቶ አንድ እጅ አሳስቶ የገመተ ሰው ክምሩን ያጣዋል፤ አለዚያም በኪሳራ ይገዛዋል። ለዚህ ነው ቪቪያኖች ለላቦራቶሪ ሥራ ከፍ ያለ ዋጋ የሰጡት።

የባለሙያው አስተዳደግ

ጆን ሄንሪ ቪቪያን በጊዜው ከነበሩት የመዳብ ነጋዴዎች የሚለየው በትምህርቱ ነው። አባቱ ገና በወጣትነቱ ወደ ጀርመን ልኮት፣ በሳክሶኒ በሚገኘው በፍራይበርግ የማዕድን አካዳሚ፣ በታዋቂው የሥነ ምድር መምህር በአብርሃም ጎትሎብ ቬርነር ሥር ተምሯል። በዚያ ዘመን በብሪታንያ አንድ የማቅለጫ ጌታ ልጁን የሚያሠለጥነው በራሱ ምድጃ አጠገብ እንጂ በአካዳሚ አልነበረም። ልጁ ሲመለስ ይዞ የመጣው የመመዝገብ፣ የመለካትና ምክንያትን የመጠየቅ ልማድ በኋላ በሥራው ሁሉ ላይ ይታያል። በጥር 1815 ወደ ኤልባ ደሴት ሄዶ ከናፖሊዮን ጋር በተነጋገረ ጊዜ እንኳ፣ የተባባሉትን በማስታወሻ ይዞ ስለ ነበር በ1839 በትንሽ መጽሐፍ አሳትሞታል። የመጻፍ ልማድ ያለው ሰው በሄደበት ሁሉ ይጽፋል።

በ1823 ደግሞ «አናልስ ኦፍ ፊሎሶፊ» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ በሃቮድ የሚካሄደውን የማቅለጥ ሥራ ደረጃ በደረጃ ገልጾ አወጣ። የማቅለጥ ጥበብ እንደ ምሥጢር ከአባት ወደ ልጅ በሚተላለፍበት ዘመን፣ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ሥራው ስምንት ደረጃ ያለው ሲሆን በአጭሩ እንዲህ ነው። ማዕድኑ በመጀመሪያ እሳቱ ከጐን ሆኖ ነበልባሉ በላዩ ላይ በሚያልፍበት ምድጃ ውስጥ ይጠበሳል፤ ድኙ በከፊል ተቃጥሎ ይወጣል። ቀጥሎ ይቀልጣል፤ ከላይ የተንሳፈፈው ዝቃጭ ተጠርጎ ሲወጣ፣ ከሥር የቀረው የመዳብ፣ የብረትና የድኝ ድብልቅ ወደ ውሃ ፈስሶ እንደ ጠጠር ይበተናል። ይህ ጠጠር እንደ ገና ይጠበሳል፣ እንደ ገና ይቀልጣል። በመጨረሻም በማጣሪያው ምድጃ ውስጥ፣ በቀለጠው መዳብ ላይ ከሰል ተነስንሶበት፣ እርጥብ የእንጨት ግንድ ይነከርበታል። ከእንጨቱ የሚወጣው ጋዝ በመዳቡ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ይወስዳል። ግንዱ ጥቂት ደቂቃ ቢያንስ መዳቡ ተሰባሪ ይሆናል፤ ጥቂት ደቂቃ ቢበዛም እንደዚሁ። ልኩን የሚያውቀው ከምድጃው ናሙና እየቀዳ፣ እየቀጠቀጠና እየሰበረ መልኩን የሚመለከተው የማጣሪያው ሠራተኛ ነበር። ጌታው ሂደቱን ጻፈው፤ ያ ሠራተኛ ግን ዓይኑ የሚያየውን ነገር አልጻፈም። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጭሱ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በየደረጃው ከማዕድኑ የሚወጣው ድኝ፣ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በሚባል ጋዝ መልክ በጭስ ማውጫው ይወጣ ነበር። አርሴኒክም አብሮት ይወጣል። በታዌ ሸለቆ ውስጥ የቪቪያን ብቻ ሳይሆን የሌሎችም ማቅለጫዎች ተሰልፈው ስለ ነበር፣ ነጩ ጭስ ከሸለቆው ተለይቶ አያውቅም። ከወንዙ ምሥራቅ የሚገኘው የኪልቪ ኮረብታ ሣሩንና ዛፉን አጣ፤ ሥር ያልያዘው አፈርም በዝናብ ታጥቦ ወረደ። በላንሳምሌት አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ሰብላቸው እየጠወለገ፣ ከብቶቻቸው እየታመሙ ቢቸገሩ አቤቱታ ማሰማት ጀመሩ።

በ1821 የማቅለጫ ባለቤቶችና የአካባቢው ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው፣ ጭሱን ለሚያጠፋ ዘዴ 1,000 ፓውንድ ሽልማት አቀረቡ። ጆን ሄንሪ ቪቪያን ራሱ ከሁሉም ይበልጥ ተጋ። በ1822 ሪቻርድ ፊሊፕስና ማይክል ፋራደይ የተባሉትን ኬሚስቶች ለእርዳታ ጠራ። ፋራደይ በዚያን ጊዜ ገና የሠላሳ ዓመት ሰው ነበር፤ የኤሌክትሮማግኔት ኢንዳክሽን ግኝቱ ገና ዘጠኝ ዓመት ይቀረዋል። በሐምሌ ወር በቪቪያን ቤት አርፎ ሥራውን ሲያካሂድ ለባለቤቱ የጻፋቸው ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ አሉ።

ቪቪያን የሠራው መሣሪያ ለእኛ ሙያ የሚያስደስት ነው። ጭሱ ከምድጃው እንደ ወጣ በቀጥታ ወደ ጭስ ማውጫው እንዲሄድ አላደረገም። ረጅም የግንብ ቦይ ሠርቶ፣ በቦዩ ላይ ክፍሎች አበጅቶ፣ በየክፍሎቹ ከላይ ውሃ እንደ ዝናብ እንዲወርድ አደረገ። ዛሬ በፋብሪካዎቻችን የጋዝ ማጠቢያ የምንለው መሣሪያ ሐሳብ ያው ነው። አርሴኒኩና አቧራው በቦዩ ውስጥ በብዛት ቀሩ። ድኛማው ጋዝ ግን በከፊል ብቻ ታጠበ።

ለምን? ምክንያቱን ዛሬ ላይ ሆነን በቀላሉ ልንናገር እንችላለን። አንደኛ፣ በእንዲህ ዓይነቱ ምድጃ ውስጥ የከሰሉ ጭስና የማዕድኑ ጋዝ ተቀላቅለው ስለሚወጡ፣ የሚታጠበው ጋዝ እጅግ ብዙና እጅግ የሳሳ ነው። ሁለተኛ፣ ውሃው ጭሱን ሲያቀዘቅዘው፣ በሙቀት ብቻ የሚሠራው የጭስ ማውጫው ስበት ይደክማል፤ ስበቱ ሲደክም ምድጃው አይነድም። ሦስተኛ፣ የታጠበው ድኝ አልጠፋም፤ አሲድ ሆኖ በውሃው ውስጥ ወደ ወንዙ ወረደ። እነዚህ ሦስቱ ችግሮች በውሃና በግንብ ብዛት የሚፈቱ አልነበሩም፤ የምድጃው አሠራር ራሱ መለወጥ ነበረበት። የሙከራው ዝርዝር በ1823 ታትሞ ወጣ። ያልተሳካ ሙከራን እንደ ተሳካው በዝርዝር ማሳተም፣ በእኔ ግምት፣ ከቪቪያን ሥራዎች ሁሉ የሚበልጠው ነው።

ፍርድ ቤቱ

ገበሬዎቹ ግን ትዕግሥታቸው አለቀ። በ1833 በቪቪያን ድርጅት ላይ በካርማርዘን ክስ ቀረበ። ክሱ ጭሱ የሕዝብ ጠንቅ ነው የሚል ነበር። ተከላካዮቹ ማቅለጫው የስንቱ ሰው እንጀራ እንደ ሆነ፣ ጭሱን ለመቀነስ ምን ያህል ወጪና ድካም እንደ ፈሰሰ አስረዱ። የፍርድ ሸንጎው አባላት ድርጅቱን ነጻ አወጡት። እነሆ፣ በቅን ልቦና የተካሄደው ሙከራ በፍርድ ቤት መከላከያ ሆነ። «ሞክረን አልተቻለም» የሚለው ቃል፣ ከሙከራው ቀጥሎ ሌላ ሙከራ ካልመጣ፣ «ከእንግዲህ አንሞክርም» ወደሚል ትርጉም ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ለሦስት ዐሥርተ ዓመታት ያህል ጭሱ እንደ ነበረ ቀጠለ። በ1854 ቶማስ ዊሊያምስ የተባለ የስዋንዚ ሐኪም፣ የመዳብ ጭስ የሰውን ጤና አይጎዳም የሚል ዘገባ እስከ ማውጣት ደረሰ።

በዚህ ላይ አንድ ካርታ የሚናገረውን ነገር ልጨምር። በስዋንዚ ነፋሱ አዘውትሮ የሚነፍሰው ከደቡብ ምዕራብ ነው። ማቅለጫዎቹ ከከተማው በስተ ሰሜን ምሥራቅ ናቸው። ላንሳምሌትና ኪልቪ ከማቅለጫዎቹ ነፋሱ በሚሄድበት አቅጣጫ፣ የቪቪያን መኖሪያ የሆነው ሲንግልተን ግን በስተ ምዕራብ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ይገኛል። ጌታው ጭሱን በላቦራቶሪው ያውቀዋል፤ ገበሬው ግን በሳንባው። ማቅለጫው የተሠራው ከሰልና መርከብ በሚገናኙበት ቦታ መሆኑ እርግጥ ነው፤ የነፋሱን አቅጣጫ ቪቪያን አልፈጠረውም። ይሁን እንጂ ጉዳት በማን ላይ እንደሚወድቅ የሚወስነው የቦታ አመራረጥ መሆኑን፣ ለፋብሪካ ቦታ የምንመርጥ ሁላችን ልናስበው ይገባል።

የተጣለው ነገር ዕቃ ሆነ

ጆን ሄንሪ በ1855 ሲሞት ሥራው ወደ ልጁ ወደ ሄንሪ ሃሲ ቪቪያን (1821–1894) ተላለፈ። አባትየው ያቆመበትን ችግር ልጁ በ1860ዎቹ ከሌላ አቅጣጫ ያዘው። ገርስተንሆፈር የተባለው የፍራይበርግ ሰው ያወጣውን አዲስ ዓይነት ምድጃ በሃቮድ አስተከለ። በዚህ ምድጃ የተፈጨው ማዕድን ከላይ እየተበተነ፣ በደረጃ በተሠሩ መደቦች ላይ እየተንሸራተተ ሲወርድ፣ ድኙ ራሱ እንደ ነዳጅ ይቃጠላል። የከሰል ጭስ ስለማይቀላቀልበት ጋዙ የጠነከረ ነው፤ የጠነከረ ጋዝ ደግሞ ሰልፈሪክ አሲድ ሊሠራበት ይችላል። ከአሲዱም ሱፐርፎስፌት የተባለው ማዳበሪያ ተሠራ። የገበሬውን ማሳ ሲያቃጥል የነበረው ድኝ፣ ወደ ገበሬው ማሳ ማዳበሪያ ሆኖ ተመለሰ።

ጭሱ ሁሉ በዚህ አልጠፋም፤ አዲሱ ምድጃ የተተካው በመጀመሪያው መጥበሻ ደረጃ ላይ እንጂ በሁሉም ላይ አልነበረም። ነገር ግን የአባቱና የልጁ መንገድ ልዩነት ግልጽ ነው። አባት ጭሱን ከተፈጠረ በኋላ ሊያጥበው ሞከረ፤ ልጅ የጭሱን አፈጣጠር ለወጠው። ልጁ ይህን ለማድረግ የቻለው የአባቱ ሙከራ የት ላይ እንደ ደከመ በጽሑፍ ተቀምጦለት ስለ ነበር፣ እንደ ገና ከመጀመሪያው መነሣት አላስፈለገውም።

ወረቀቶቹ የማይናገሩት

እስከ አሁን ያልኩት ወረቀቶቹ የሚናገሩትን ነው። የቤተ ሰብ ወረቀት ግን ቤተ ሰቡ ሊያስቀምጥ የወደደው መሆኑን መዘንጋት የለብንም። ሦስት ዝምታዎችን ልጥቀስ።

የመጀመሪያው የሠራተኛው ዝምታ ነው። ቪቪያኖች በሃቮድ ለሠራተኞቻቸው ቤት አሠርተዋል፤ ለልጆቻቸውም ትምህርት ቤት ከፍተዋል፤ መንደሩም በስማቸው ተጠርቷል። ይህ በወረቀት ላይ በደንብ ይገኛል። በ1843 የስዋንዚ የመዳብ ሠራተኞች ደመወዛቸው በመቀነሱ ሥራ ማቆማቸውም ይታወቃል። ይሁን እንጂ በምድጃው አፍ ላይ የቆመው ሰው ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጥማቱና ስለ ሳንባው የጻፈው ደብዳቤ በጌታው ሣጥን ውስጥ አይገኝም። ያ የመዳቡን ልክ በዓይኑ የሚያውቅ የማጣሪያ ሠራተኛ ጥበቡን ይዞ ተቀበረ።

ሁለተኛው ዝምታ ከባሕር ማዶ ነው። ከ1830ዎቹ ጀምሮ ወደ ስዋንዚ የሚመጣው ማዕድን ከኮርንዎል ብቻ ሳይሆን ከቺሊና ከኩባም ሆነ። በኩባ፣ በሳንቲያጎ አጠገብ፣ ኤል ኮብሬ በተባለው ቦታ የሚሠራው ማዕድን በብሪታንያ ኩባንያ የተያዘ ሲሆን፣ ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ባሮች ነበሩ። የብሪታንያ ፓርላማ በግዛቶቹ ባርነትን የሚያስቀር ሕግ ያወጣው በ1833 ነው፤ በኩባ ግን ባርነት እስከ 1886 ቆይቷል። ስለዚህ በሕግ የተከለከለው የጕልበት ዓይነት፣ በማዕድን መልክ ተለውጦ ወደ ስዋንዚ ወደብ ይገባ ነበር። በናሙና መመርመሪያው ሚዛን ላይ የሚታየው የመዳቡ መጠን እንጂ የቆፋሪው ሁኔታ አይደለም። በ1865 «ሄክላ» የተባለች የማዕድን መርከብ ከኩባ ስትመጣ ቢጫ ወባን ይዛ ገብታ በስዋንዚ ሰዎች ሲሞቱ፣ ከተማው ማዕድኑ ከሩቅ አገር እንደሚመጣ በመራራ መንገድ አስታወሰ።

ሦስተኛው የመሬቱ ዝምታ ነው፤ ይህ ግን ኋላ ተናገረ። ቺሊና አሜሪካ በገዛ አገራቸው ማቅለጥ ሲጀምሩ የስዋንዚ ዘመን አለፈ። በ1924 የሃቮድና አጠገቡ ያለው የሞርፋ ማቅለጫ ተዋሐዱ፤ የመዳብ መዳመጡ ሥራ በልዩ ልዩ ባለቤቶች እጅ ቆይቶ በ1980 ተዘጋ። በሸለቆው የቀረው የዝቃጭ ተራራና መዳብ፣ ዚንክና እርሳስ የጠገበ አፈር ነበር። በ1961 የስዋንዚ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅና የከተማው ምክር ቤት ከሌሎች ጋር ሆነው የታችኛውን ሸለቆ ማጥናት ጀመሩ፤ ዘገባውም በ1967 ታተመ። የት ምን እንደ ቀለጠ፣ የት ምን እንደ ተደፋ ለማወቅ የድሮ ካርታዎችና መዛግብት ተገለበጡ። ከዚያም ዝቃጩ ተነሣ፤ በኪልቪ ኮረብታ ላይ ዛፍ ተተከለ፤ ሸለቆው ዛሬ አረንጓዴ ነው። ጥናቱን ያካሄደው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ግቢ ራሱ የቪቪያን ቤት የነበረው ሲንግልተን ነው። በ2023 ደግሞ በሃቮድና በሞርፋ ግቢ ውስጥ የዊስኪ መጥመቂያ ተከፍቷል፤ የሚጠመቅበትም ጋን ከመዳብ የተሠራ ነው።

ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። በእኛ ሙያ ውስጥ የሚወረሰው ምን ያህል ነው? ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት ቦታ የአንድ ፋብሪካ የፍሳሽ መስመር ሊጠገን ተፈልጎ፣ መስመሩ በየት በኩል እንደ ተቀበረ የሚያሳይ ንድፍ ጠፋ። ንድፉ ተሠርቶ ነበር፤ የድሮው ጽሕፈት ቤት ሲለቀቅ ግን ወረቀቱ በኪሎ ተሽጦ፣ ለሱቅ የስኳርና የበርበሬ መጠቅለያ ሆኗል ተባለ። መስመሩ የተገኘው ግቢው በብዙ ቦታ ከተቆፈረ በኋላ፣ ያስቀበረው ሽማግሌ ግንበኛ ከቤታቸው ተጠርተው በመጡ ጊዜ ነው። እኒህ አባት ባይኖሩስ ኖሮ? በዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህን የመሰለ ታሪክ የሌለው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ስለዚህ ከቪቪያን ወረቀቶች ሦስት ነገር እንድንማር እለምናለሁ። አንደኛ፣ የሥራ ንድፍን፣ በተለይም ሥራው ሲያልቅ የተገኘውን እውነተኛ ገጽታ የሚያሳየውን ንድፍ፣ ቀንና ፊርማ አድርገን በሁለት ቦታ እናስቀምጥ። ሁለተኛ፣ ያልተሳካ ሙከራን እንደ ውርደት ቈጥረን አንደብቅ፤ ምን እንደ ሞከርንና የት ላይ እንደ ቀረ እንጻፍ፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ከዚያ ይነሣል። ሦስተኛ፣ የማይጽፉትን እንጻፍላቸው። በየፋብሪካው፣ በየመንገድ ሥራውና በየጉድጓዱ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ ባለሙያ ሠራተኞች፣ ግንበኞችና አናጢዎች የሚያውቁትን ማኅበራችን በወጣት አባላቱ አማካይነት እየጠየቀ ቢመዘግብ፣ በሲንግልተን ሣጥን ውስጥ የጐደለው ድምፅ በእኛ ዘንድ አይጐድልም። ከሥራው ጐረቤት የሚኖረው ሕዝብ የሚያቀርበው አቤቱታም ከፋይሉ አይውጣ፤ የሥራው ታሪክ አካል ነውና። ከዚህ የሚገኘው ሁሉ በየመሥሪያ ቤቱ ጓዳ ከሚበላሽ ወደ ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት እንዲገባ ቢደረግ፣ ለተመራማሪም ሆነ ለጠጋኝ መሐንዲስ ይጠቅማል።

ጆን ሄንሪ ቪቪያን የተማረ፣ ትጉና ለጊዜው ሰዎች አሳቢ ሊባል የሚችል ሰው ነበር። ጭሱን ያውቅ ነበር፤ ለካው፤ ታገለው፤ ፍርድ ቤት ነጻ ባወጣው ጊዜ ግን ትግሉ በረደ። ይህን ሁሉ ስለ እርሱ ልናውቅና ልንፈርድበትም የቻልነው ወረቀቱን ስላላቃጠለ ነው። ወረቀቱን የሚያስቀምጥ ባለሙያ ለልጅ ልጆቹ ፍርድ ራሱን ያቀርባል፤ ይህም ከሙያው ክብር የሚቈጠር ነው። እኛም ልጆቻችን ሊፈርዱብን የሚችሉበትን ማስረጃ ትተንላቸው እንድናልፍ እየተመኘሁ ንግግሬን እፈጽማለሁ።